ከቢ ደረጃ ለመውጣት አሰልጣኝ መያዝ ይገባኛልን? (የስፖርቲንግ ሸክላ ተኩስ፣ እንግሊዝ አገር)

ዮናስ ዘሊድስ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት።

በሰሜን እንግሊዝ የምኖር፣ ቅዳሜና እሑድ በሸክላ ዒላማ ተኩስ፣ ማለትም ማሽን ወደ አየር የሚወረውረውን ዝርግ ክብ ሸክላ በጠመንጃ በመስበር ስፖርት፣ የምሳተፍ ሰው ነኝ። የምተኩሰውም ስፖርቲንግ የሚባለውን ዓይነት ነው፤ በእሱ ተኳሹ ከጣቢያ (ከመተኮሻ ቦታ) ወደ ጣቢያ እየሄደ በየቦታው አበራረሩ የተለያየ ሸክላ ይተኩሳል። መጀመሪያ የገባሁበት በሥራ ባልደረባዬ ግብዣ ነበር። በዚያ ጊዜ የራሴ ፈቃድ ስላልነበረኝ ፖሊስ በፈቀደው የክለብ ቦታ፣ በክለቡ ጠመንጃና በክለቡ ሰው ቁጥጥር ሥር ተኮስሁ። ከዚያ በኋላ የሾትጋን (በአንድ ተኩስ ብዙ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬ የሚረጭ ጠመንጃ) ፈቃድ አወጣሁ፤ ላይና ታች ባለሁለት በርሜል ጠመንጃ ገዛሁ፤ የእንግሊዝ የሸክላ ተኩስ ማኅበር በሆነው በሲፒኤስኤ ተመዝግቤም ውጤታቸው በሚያዝ ውድድሮች ላይ መወዳደር ጀመርሁ።

ማኅበሩ ተኳሾችን በአማካይ ውጤታቸው በደረጃ ይመድባል፤ ከሲ ወደ ቢ ደረጃ የተሻገርሁት ሳላስበው ነበር ማለት እችላለሁ። አሁን ግን አማካይ ውጤቴ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ወደ ላይም ወደ ታችም አልንቀሳቀስ ብሏል። በለመድሁት ሜዳ ደህና እተኩሳለሁ፤ ወደማላውቀው ሜዳ ስሄድ፣ በተለይ ከግራ ወደ ቀኝ በሩቅ የሚያቋርጥ ሸክላ ሲገጥመኝ፣ ጣቢያውን በሙሉ ባዶ የምወጣበት ጊዜ አለ። አንዳንድ ወዳጆቼ «ጠመንጃህን ቀይር» ይሉኛል፤ ሌሎች ደግሞ «ብዙ ጥይት ተኩስ፣ በራሱ ይመጣል» ይላሉ። እስካሁን አሰልጣኝ ይዤ አላውቅም። ገንዘቡን አውጥቼ አሰልጣኝ ብይዝ በእርግጥ የሚለወጥ ነገር አለን? ካለስ፣ ደህናውን አሰልጣኝ ከማይረባው የምለየው በምንድን ነው? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።


አባ ነጎድ፦

ወንድም ዮናስ፣ ጥያቄዎን በጥሩ ሁኔታ ስላቀረቡት መልሱም ቀና ይሆናል። እኔ የምኖረው በደቡብ እንግሊዝ ባለችው በሰሪ አውራጃ ሲሆን፣ አብዛኛውን ተኩሴን የማደርገው በቢዝሊና በአካባቢው ባሉ ሜዳዎች ነው። አሰልጣኝ ያስፈልግዎታል። ጠመንጃውን ግን፣ የሚያየው ሰው አይቶ እስኪነግርዎ ድረስ አይንኩት።

ምክንያቱን ላስረዳ። ሾትጋን የሚተኩስ ሰው የራሱን ስሕተት ማየት አይችልም። ዓይኑ ሸክላው ላይ መሆን ስላለበት በርሜሉ የት እንደነበረ በትክክል አያውቅም፤ ሸክላው ሳይሰበር ሲያልፍ የሚያውቀው መሳቱን ብቻ ነው። ከኋላ ይሁን ከፊት፣ ከላይ ይሁን ከታች ለመናገር ሲሞክር የሚናገረው ግምቱን ነው፤ ግምቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይገኛል። አሰልጣኝ ከትከሻዎ ጀርባ ቆሞ በበርሜሉ መስመር ሲያይ፣ ሰማዩ ምቹ በሆነበት ቀን የእርሳሱን ደመና ራሱን ያየዋል። «ሁለት ሜትር ከኋላ ነበርህ» ሲልዎ የሚነግርዎ ያየውን ነው። «ብዙ ተኩስ» የሚለው ምክር የሚጎድለው ይህ ነው፤ ስሕተቱን ሳያውቁ አንድ ሺህ ጥይት መተኮስ ያንኑ ስሕተት አንድ ሺህ ጊዜ ማጥናት ነውና።

ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚያቋርጠው ሩቅ ሸክላ ያነሡት ነገር ደግሞ ለብቻው መታየት ይገባዋል። ከበርሜሉ ሲወጣ በሰከንድ 400 ሜትር ገደማ የሚጓዘው እርሳስ በአየር ግጭት ፍጥነቱ ቶሎ ስለሚቀንስ፣ 30 ሜትር ለመድረስ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት ውስጥ በሰከንድ 20 ሜትር የሚበር ሸክላ 2 ሜትር ያህል ወደፊት ይሄዳል። ስለዚህ በርሜሉን አቁሞ በሸክላው ላይ የተኮሰ ሰው ከኋላው የሚያልፍ ባዶ አየር ነው የሚመታው። ርቀቱ 40 ሜትር ሲሆን የሚያስፈልገው ሊድ (ከሸክላው ፊት የሚሰጠው ርቀት) ከዚህም ይበልጣል፤ ልምድ የሌለው ዓይን ደግሞ ያን ያህል ርቀት ከፊት መስጠትን ልክ ያልሆነ ነገር አድርጎ ስለሚቆጥረው እጅ በመጨረሻው ቅጽበት ላይ ይቆማል። በሩቅ አቋራጭ ሸክላ ላይ ከሚሳቱት ተኩሶች እጅግ የሚበዙት ከኋላ የሚሳቱ ናቸው።

ሊድ ለመስጠት የሚታወቁት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንዱ በርሜሉን ከሸክላው ኋላ ጀምሮ፣ ሸክላውን አልፎ ሲሄድ መተኮስ ነው። ሁለተኛው ሸክላው ላይ አርፎ ከእሱ ጋር ጥቂት ከተጓዙ በኋላ ከፊቱ መለየት ነው። ሦስተኛው ከመጀመሪያውም ከፊቱ ሆኖ ርቀቱን ጠብቆ አብሮ መሄድ ነው። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር የማያልቅ ቢሆንም፣ ጥሩ አሰልጣኝ ሰውየውን ሳያይ በአንዱ ብቻ ሙጭጭ አይልም። ለሩቁ አቋራጭ ሦስተኛው የሚስማማቸው ብዙዎች ናቸው፤ ፈጣን ሆኖ በቅርብ ለሚያልፈው ግን የመጀመሪያው ይቀላል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ የበላይ ዓይንዎ የትኛው እንደሆነ ያውቃሉ? ሁለቱንም ዓይኖችዎን ከፍተው በሩቅ ወዳለ ነገር ጣትዎን ይቀስሩ፤ ከዚያ ግራ ዓይንዎን ብቻ ይጨፍኑ። ጣትዎ ከነገሩ ላይ ሳይነቃነቅ ከቀረ የበላዩ ቀኝ ዓይንዎ ነው። ወደ ጎን ከዘለለ ግን ግራው ነው፤ በቀኝ ትከሻ የሚተኩሱ ከሆነም ችግሩ ምናልባት እዚያው ጋ ይሆናል።


ባለጥንድ፦

በአባ ነጎድ ሐሳብ በከፊል አልስማማም። አሰልጣኝ መያዝን አልቃወምም፤ ነገር ግን በዚህ አገር አሰልጣኝ ነኝ የሚል ሁሉ አሰልጣኝ አይደለም። እኔ የከፈልሁበት የመጀመሪያ ትምህርት ግማሹ ስለ ጠመንጃዬ ጉድለት፣ ቀሪው ግማሽ ደግሞ ሰውየው በመደብሩ ስላለው «ለእኔ ስለሚመች» ጠመንጃ የተደረገ ንግግር ነበር። ሌላው አሰልጣኝ ደግሞ የቀደመው ያስተማረኝን ሁሉ አፍርሶ እንደገና ከአቋቋም ጀመረ። በዚህ መካከል ውጤቴ ወረደ።

የጠቀመኝ ከእኔ የሚበልጡ ሰዎች ካሉበት ቡድን ጋር መተኮስ ነው። ደብል ኤ (ከኤ በላይ ያለ ደረጃ) የሆነ ሰው ጣቢያው ላይ ሲቆም እግሩን ወዴት እንደሚያዞር፣ በርሜሉን የት ይዞ እንደሚጠብቅ፣ ሸክላውን በየትኛው ቦታ ላይ እንደሚሰብር ቆሞ ማየት ነጻ ትምህርት ነው። ይህን የማያደርግ ሰው በሰዓት የሚከፈል አሰልጣኝ ቢይዝ ገንዘቡን ነው የሚጨርሰው።


ሻምበል ተሾመ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ወደዚህ ስፖርት የገባሁት ከውትድርና ሕይወት በኋላ ስለሆነ፣ ጠመንጃ መያዝን ማንም አያስተምረኝም የሚል ትዕቢት ይዤ ነበር የገባሁት፤ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ ትንፋሽ ይዞ፣ ቃታን ቀስ አድርጎ መሳብ ያደግንበት ነገር ነውና። አሰልጣኙ የመጀመሪያዎቹን ተኩሶች አይቶ «አንተ የተማርኸው ለቆመ ዒላማ ነው» አለኝ። በሾትጋን ዓይን በርሜሉ ጫፍ ላይ ካለችው ነጥብ ወጥቶ ሸክላው ላይ ብቻ መሆን አለበት፤ ነጥቧን ያየ ሰው በርሜሉን ያቆመዋል። እኔ የተቸገርሁበት ዕውቀት ማጣት ሳይሆን የማያስፈልግ ዕውቀት መብዛቱ ነበር፤ ይህን ደግሞ ከውጭ የሚያይ ሰው ካልነገረኝ በራሴ አልደርስበትም ነበር።

ለአባ ነጎድ ጥያቄ አለኝ፦ ግራ ዓይኑ የበላይ የሆነ የቀኝ እጅ ተኳሽ ግራውን መጨፈኑ ይበቃዋልን?


አባ ነጎድ፦

ሻምበል፣ ይበቃዋል የሚሉ አሉ፤ ጥሩ ተኳሾችም ሆነው የቀጠሉ አሉ። ነገር ግን አንድ ዓይን ሲጨፈን የርቀትና የፍጥነት ግምት ይቀንሳል፤ የሚታየው ሜዳም ይጠባል። ስለዚህ ሌሎች ሸክላው እስኪታይ ሁለቱንም ከፍተው፣ በመጨረሻው ቅጽበት ግራውን ይከድናሉ። ሌሎች ደግሞ በመነጽራቸው ግራ መስታወት ላይ፣ በርሜሉን በሚያይበት ነጥብ ትክክል፣ ትንሽ ደብዛዛ ፕላስተር ይለጥፋሉ። ገና ጀማሪ የሆነ ሰው ከሆነ ወደ ግራ ትከሻ መዞሩ ከሁሉ የሚሻል መፍትሔ ነው፤ ለዓመታት በቀኝ የተኮሰ ሰው ግን በቀላሉ አይሆንለትም።

ለባለጥንድ፦ ስለ ጠመንጃ ሻጩ አሰልጣኝ የተናገሩትን እቀበላለሁ፤ ሆኖም የአንድ ሰው ምግባር የሥራውን ዋጋ አያሳጣውም። ሲፒኤስኤ የሚያሠለጥናቸውና በደረጃ የሚመድባቸው አሰልጣኞች አሉት፤ ከእነሱ ውጭም የሙያ ማኅበራት አባል የሆኑ አስተማሪዎች አሉ። ምስክር ወረቀቱ ብቃትን ሁሉ ባይናገርም የደኅንነት ትምህርትና መድን መኖሩን ያመለክታል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሰውየው ያስተማራቸውን ሰዎች ውጤት መጠየቅ ነው፤ የራሱ የተኩስ ውጤት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።


እመቤት ዘበርሚንግሃም፦

እኔ ስኪት (ሸክላዎቹ በግራና በቀኝ ካሉ ሁለት ቤቶች በታወቀ መንገድ የሚወረወሩበት ዓይነት) ተኳሽ ስሆን በስፖርቲንግም አልፎ አልፎ እወዳደራለሁ። ስለ ጠመንጃ ልክ ማንም ዘርዝሮ ስላልጻፈ እኔ ልጨምርበት፤ ለሴቶች ይህ ትልቅ ጉዳይ ነውና። ከመደብር የሚገዛ ጠመንጃ ሰደፉ የተሠራው ለአማካይ ወንድ ነው። ሰደፉ ሲረዝም ብብት ውስጥ ይያዛል፤ ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ ዝቅ ሲል ዓይን ከበርሜሉ በታች ይወርዳል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ተኩሱ ወደ ላይ ይሄዳል። በሾትጋን የኋላ ማነጣጠሪያው ዓይን ራሱ ስለሆነ፣ ጉንጭ በየጊዜው የተለያየ ቦታ ላይ ካረፈ በየጊዜው በተለያየ ጠመንጃ እንደ መተኮስ ነው።

የእኔ አሰልጣኝ ይህን የፈተሸው ሸክላ ከማስወርወሩ በፊት ነበር። በኖራ የተቀባ ሰፊ የብረት ሰሌዳ ፊት 16 ያርድ ላይ አቆመኝና፣ መሐል ላይ ያለችውን ምልክት ብቻ እያየሁ፣ ሳላነጣጥር፣ ጠመንጃውን ወደ ጉንጬ እያነሣሁ ወዲያው እንድተኩስ አዘዘኝ። ከጥቂት ተኩሶች በኋላ በኖራው ላይ የተከማቸው ጥቁር ጭፍግፍግ ከምልክቷ በላይና ወደ ግራ ሄዶ ታየ። በዚያ ርቀት በሰሌዳው ላይ ያለ አንድ ኢንች ስሕተት በሰደፉ ላይ ከአንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ጋር እኩል ስለሆነ ምን ያህል መላግ እንዳለበት እዚያው ቆሞ አሰበው። ዋጋውም አዲስ ጠመንጃ ከመግዛት ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ሌላው ከትምህርት ውጭ በቤት የሚደረገው ነገር ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጬ፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ በአፈሙዙ ውስጥ እከታለሁ። ከዚያ ክፍሉ ጥግ ቆሜ፣ ጠመንጃውን ከወገቤ ወደ ጉንጬ እያነሣሁ፣ የብርሃኑ ክብ ግድግዳና ኮርኒስ የሚገናኙበትን መስመር ሳይለቅ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እንዲሄድ አደርጋለሁ። ጠመንጃው ሲነሣ ብርሃኑ ወደ ላይ ቢዘል የኋላ እጄ ቀድሞ ይጎትታል ማለት ነው። የፊት እጅ መርቶ የኋላው ሲከተል ብርሃኑ በመስመሩ ላይ ጸጥ ብሎ ይንሸራተታል። ጥይት የማይጠይቅ ልምምድ ስለሆነ በሳምንቱ ቀናት ሁሉ ሊደረግ ይችላል፤ ጎረቤት በመስኮት እንዳያይና ፖሊስ እንዳይጠራ መጋረጃ መዝጋት ግን አይረሳ።

በኦሊምፒክ ስኪት ሕግ ጠመንጃው ሸክላው እስኪታይ ድረስ ወገብ ላይ መያዝ ስላለበትና ሸክላውም ከጥሪው በኋላ እስከ 3 ሰከንድ ሊዘገይ ስለሚችል ይህ አነሣሥ የግድ መጠናት አለበት። በእንግሊዝ ስኪትና በስፖርቲንግ አስቀድሞ ትከሻ ላይ ይዞ መጠበቅ ቢፈቀድም፣ አነሣሡን ያጠና ሰው በዚያም ይጠቀማል።


ዮናስ ዘሊድስ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጣቱን ፈተና አድርጌ የበላዩ ቀኝ ዓይኔ መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ቢያንስ ከአንድ ስጋት ወጥቻለሁ። የድሮ የውጤት ካርዶቼን ደግሞ አውጥቼ ሳያቸው ከሚያቋርጠው ሸክላ በተጨማሪ አንድ ነገር ጎልቶ ታየኝ፦ አንድ ላይ በሚለቀቁ ጥንዶች የመጀመሪያውን ሰብሬ ሁለተኛውን እስታለሁ። ሁለተኛው ሸክላ በመጀመሪያው ተኩስ ድምፅ በሚለቀቅበት ጥንድ ግን ይህ እምብዛም አይታይም። ይህ የፍጥነት ጉዳይ ይሆንን?


አባ ነጎድ፦

ፍጥነት አይመስለኝም፤ የዕቅድ ጉዳይ ነው። በተኩስ ድምፅ የሚለቀቀው ሁለተኛ ሸክላ እርስዎን ይጠብቅዎታል፤ አንድ ላይ የሚለቀቀው ግን እርስዎ የመጀመሪያውን ሲሰብሩ የራሱን መንገድ እየጨረሰ ነው። ብዙ ሰው ጣቢያው ላይ ቆሞ የሚያስበው ስለ መጀመሪያው ብቻ ስለሆነ ሁለተኛውን የሚፈልገው ከተኮሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሸክላው መውደቅ ጀምሯል፤ የሚወድቅ ሸክላ እየተንሳፈፈ ስለሚመስል በርሜሉ ከላዩ ያልፋል።

ሥርዓቱ እንዲህ ይሁን። ወረፋ ሲጠብቁ ወሬውን ትተው የሌሎችን ሸክላዎች ይመልከቱ። በስፖርቲንግ የጣቢያው የመጀመሪያ ተኳሽ ጥንዱን አስቀድሞ የማየት መብት አለው፤ ሌሎች የሚያዩት ከእሱ ነው። በመጀመሪያ የሁለተኛውን ሸክላ መንገድ ያጥኑ፦ የት ላይ ነው ጎኑ በደንብ የሚታየውና ፍጥነቱ የተረጋጋው? እዚያ የሚሰብሩበት ቦታ ይሁን። ከዚያ ወደ ኋላ እየተመለሱ የመጀመሪያውን የት ብሰብረው ነው በርሜሌ ለሁለተኛው ቅርብ የሚሆነው ብለው ያስቡ። እግርዎን የሚያቆሙት ሁለተኛው ወደሚሰበርበት ቦታ ነው። ሰውነት ወደ መጀመሪያው ቢጠማዘዝ ይፈታል፤ ወደ ሁለተኛው ሲጠማዘዝ ግን ይጣበቃል፤ የተጣበቀ ወገብ ደግሞ በርሜሉን ያቆማል። በርሜሉን ይዘው የሚጠብቁበት ቦታና ዓይንዎ ሸክላውን የሚፈልግበት ቦታ አንድ አይሁኑ፤ ዓይን ወደ ማሽኑ ትንሽ ጠጋ ይበል፣ በርሜሉ ግን ወደ መሰበሪያው ይቅረብ። ይህን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ ብቻ «ፑል» ብለው ሸክላው እንዲለቀቅ ይጥሩ።

የሸክላውን ዓይነት ማወቅም አለ። መደበኛው ዲያሜትሩ 110 ሚሊሜትር ነው፤ ሚዲው 90፣ ሚኒው ደግሞ 60 ብቻ። ሜዳ አዘጋጅ ሚዲን በቅርብ ሲያስወረውር ዓይን መደበኛው በሩቅ ያለ ስለሚመስለው ከመጠን ያለፈ ሊድ ይሰጣል። ባቱ የሚባለው ስስ ሸክላ ደግሞ ጎኑ ሲሆን እንደ ምላጭ ቀጥኖ የሚታይ፣ ተገልብጦ ሲወድቅ ግን ሙሉ ፊቱን የሚሰጥ ስለሆነ መገልበጡን መጠበቅ ይገባል። ስለ ቾክ (በበርሜሉ ጫፍ ውስጥ ስለሚገጠመው ማጥበቢያ) ብዙ አይጨነቁ። በእርግጥ የቾኩ ጥበት እርሳሱን ይሰበስባል፤ ነገር ግን ሁለት ሜትር ከኋላ የተተኮሰን ተኩስ ቾክ አይመልሰውም። በጣቢያዎች መካከል ቾክ የሚፈታና የሚያጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ ሸክላውን ከማየት ይልቅ ቁልፉን ሲፈልግ ይታያል።


የዱባዩ ልጅ፦

ከእንግሊዝ ውጭ ብሆንም በዚህ ክር ላይ አንድ ነገር መጨመር ፈለግሁ፤ የእኛ ከተማና የእንግሊዝ ተኩስ የሚገናኙበት ታሪክ አለና። በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ በደብል ትራፕ (ሁለት ሸክላ በአንድ ጊዜ ከተኳሹ ፊት እየራቀ በሚወረወርበት ውድድር) ወርቅ ያገኘው እንግሊዛዊው ፒተር ዊልሰን ያሠለጠነው የዱባዩ ሼክ አሕመድ አል መክቱም ነው። ሼኩ ራሱ በ2004 በአቴንስ በዚሁ ውድድር ወርቅ አግኝቶ ለተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያመጣ ሰው ነው። ዊልሰንን ያስተማረው ገንዘብ ሳይቀበል እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። ዊልሰን በዚያው በ2012 መጋቢት አካባቢ በአሜሪካ በቱሳን ከ200 ሸክላ 198 ሰብሮ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ፤ በለንደን ደግሞ ከ200 188 አድርጎ አሸነፈ።

ይህን የማነሣው ለባለጥንድ ነው። «አንዱ አሰልጣኝ ያስተማረውን ሌላው ያፈርሰዋል» ማለታቸው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው አንዱን መርጦ ከእሱ ጋር መጽናት ይመስለኛል። የአሜሪካው ቪንሰንት ሃንኮክም እንዲሁ ነው፤ በስኪት በ2008፣ በ2012፣ በቶኪዮና በ2024 በፓሪስ ወርቅ ያገኘ ሲሆን፣ በፓሪስ ብሩን የወሰደው ኮነር ፕሪንስ የራሱ ተማሪ ነው። አስተማሪና ተማሪ በአንድ መድረክ ላይ ቆሙ ማለት ነው።


ባለጥንድ፦

የዱባዩ ልጅ የጠቀሱት ታሪክ ያስደስታል። ነገር ግን ሼክ በነጻ የሚያስተምረው ሰውና ከደመወዙ ቀንሶ በሰዓት የሚከፍል ሰው እኩል አይደሉም። አንድ ሰው በወር አንድ ቀን የሚተኩስበት ገንዘብ ቢኖረው፣ ለትምህርት ያውለው ወይስ ለውድድር? ጥያቄው እዚህ ላይ ይመስለኛል።


እመቤት ዘበርሚንግሃም፦

ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኔ አስተያየት ትምህርቱ ይራራቅ፣ በመካከል ያለው ልምምድ ግን ይጥበቅ። ከአንድ ትምህርት የሚወጣ ተማሪ አንድ ወይም ሁለት ነገር ብቻ ይዞ መውጣት አለበት፤ አሥር ነገር የሚነግር አሰልጣኝ ምንም አልነገረም። ያንን አንድ ነገር በቤት በባትሪው፣ በሜዳ በአንድ ጣቢያ ላይ ደጋግሞ፣ እስኪዋሐድ ድረስ መሥራት ነው። ሙሉ የመቶ ሸክላ ዙር መተኮስ ደስ ቢያሰኝም ልምምድ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ጣቢያ ጥቂት ሸክላ ተኩሶ ማለፍ የሚፈትን እንጂ የሚያስተምር አይደለም። በዚህ መልክ ሲታይ ትምህርቱ የሚወስደው ገንዘብ ያለ ዓላማ ከሚተኮስ ጥይት የሚተርፈው ነው።

ለውድድር ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። ትምህርት በወሰዱ ማግስት ውጤታቸው በሚያዝ ውድድር ላይ አይግቡ። አዲስ ነገር ገና በሐሳብ ስለሚሠራ ውጤት ይወርዳል፤ አማካይዎም አብሮ ይወርዳል፤ ከዚያ «አሰልጣኙ አበላሸኝ» ይባላል። የባለጥንድ ሁለተኛ አሰልጣኝ ላይ የደረሰው ፍርድም ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል ብዬ እገምታለሁ፤ ይቅርታ ይደረግልኝ።


አቶ ግርማ፦

ክሩን በጉጉት ስከታተል ነበር። እኔ ተኳሽ ሳልሆን የተኳሽ አባት ነኝ። የ14 ዓመት ልጄ በትምህርት ቤት ጓደኛዋ በኩል ጀምራ በጣም ወድዳዋለች፤ ክለቡ ውስጥ ያለው አሰልጣኝም ተስፋ አላት ብሎኛል። እናቷ ግን ጠመንጃ የሚለውን ቃል ስትሰማ ትደነግጣለች። ከዕድሜዋ አንጻር ሕጉ ምን ይላል? ጠመንጃውስ አይከብዳትም?


አባ ነጎድ፦

አቶ ግርማ፣ በዚህ አገር ለሾትጋን ፈቃድ ዝቅተኛ ዕድሜ አልተወሰነም፤ ነገር ግን ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የተገጣጠመ ሾትጋን መያዝ የሚችለው 21 ዓመት የሞላው ሰው አጠገቡ ሆኖ ሲቆጣጠረው ነው። እናቷን አንድ ቀን ወደ ክለቡ ይውሰዷት። ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የሚሄደው ጠመንጃ ሁሉ ተከፍቶና ባዶ ሆኖ መሆኑን፣ ጆሮና ዓይን ሳይሸፈን ማንም እንደማይተኩስ፣ ያልተጠነቀቀ ሰው ያለ ክርክር ከሜዳ እንደሚባረር ብታይ ፍርሃቷ ግማሹ ይለቃታል። ጠመንጃው 20 ቦር (በርሜሉ ቀጠን ያለ)፣ በጥይቱ ውስጥ ያለው እርሳስም 21 ግራም ቢሆን ለትከሻዋ ይበቃታል፤ በዚህ ዕድሜ የተመታ ትከሻ የሚያስተምረው ዓይን መጨፈንንና ቃታ ሲሳብ መደንገጥን ነው፤ ይህ ልማድ ደግሞ ከገባ ለመውጣት ዓመታት ይፈጃል። በሲፒኤስኤ ውድድሮች ለእሷ ዕድሜ የኮልት ምድብ ስላለ ከአዋቂ ጋር እየተኮሰች ከእኩዮቿ ጋር ትወዳደራለች።

ስለ ሩቁ ተስፋ ካሰቡ፣ በፓሪስ 2024 የብሪታንያዎቹ ናታን ሄልስ በትራፕ (ሸክላው ከተኳሹ ፊት እየራቀ በሚሄድበት ውድድር) ወርቅ፣ አምበር ራተር ደግሞ ልጅ በወለደች በጥቂት ወራት ውስጥ በስኪት ብር አግኝተዋል። የኦሊምፒኩ መንገድ ግን ትራፕና ስኪት ብቻ ነው፤ ደብል ትራፕ ከሪዮ 2016 በኋላ ወጥቷል፤ እኛ የምንወደው ስፖርቲንግ ደግሞ በኦሊምፒክ ኖሮ አያውቅም። በኮመንዌልዝ ጨዋታዎችም ተኩስ በበርሚንግሃም 2022 አልነበረም። ስለዚህ ልጅቷ ያን ያህል ካሰበች በጊዜ ወደ ስኪት ወይም ወደ ኦሊምፒክ ትራፕ የሚያዞራት አሰልጣኝ ያስፈልጋታል። በመሬት ውስጥ የተቀበሩ 15 ማሽኖች ያሉት የኦሊምፒክ ትራፕ ሜዳ በየክለቡ ስለማይገኝ ይህም ራሱ ጉዞና ወጪ አለው።


ዮናስ ዘሊድስ፦

ውይይቱ ከጠበቅሁት በላይ ጠቅሞኛል። ከክለቤ ውጭ በአንድ ሰዓት ርቀት ላይ ያለ፣ ከእኔ የሚሻሉ ሁለት ተኳሾችን ያስተማረ አሰልጣኝ አግኝቼ ተነጋግሬያለሁ። ጠመንጃ አይሸጥም። በስልክ መጀመሪያ የጠየቀኝ «የምትስተው ምኑን ነው?» ብሎ ነበር፤ ስለ ጠመንጃዬ ሞዴል እስከ ንግግሩ መጨረሻ አልጠየቀም። የባለጥንድንም ምክር ተቀብዬ፣ የኤ ደረጃ ተኳሾች ካሉበት ቡድን ጋር ለመመዝገብ አስቤያለሁ። ከመጀመሪያው ትምህርት በፊት ልዘጋጅበት የሚገባ ነገር ካለ ንገሩኝ።


ባለጥንድ፦

ጠመንጃ የማይሸጥ ከሆነ ተቃውሞዬን አነሣለሁ። ክፍያው ሸክላውን ይጨምር እንደሆነ ግን አስቀድመው ይጠይቁ፤ በብዙ ሜዳ ለብቻው ይታሰባልና።


አባ ነጎድ፦

የመጨረሻዎቹን ውድድሮች ካርዶች ይዘው ይሂዱ፤ በእያንዳንዱ ጣቢያ አጠገብ የሸክላውን ዓይነትና አቅጣጫ በእርሳስ ይጻፉበት። በውድድር የሚተኩሱበትን ጥይት ይውሰዱ፤ ለትምህርት ተብሎ ርካሽ ጥይት መቀየር አያስፈልግም። ሰዓቱ ሲጀመር ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቋርጠውን ሩቅ ሸክላ ቶሎ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ ገና ሳይደክሙ ቢያይዎ ይሻላል። ሁለተኛውን ትምህርት ቀጠሮ የሚይዙት ደግሞ የመጀመሪያው በሰጠዎ ነገር ላይ በበቂ ሁኔታ ከሠሩ በኋላ ይሁን።


ዮናስ ዘሊድስ፦

እሺ፣ ካርዶቹን ዛሬ ማታ አዘጋጃለሁ። የሸክላውንም ዋጋ ጠይቄያለሁ፤ ለብቻው ነው።